ዴክ ውስጥ የቀረ ሳቅ

በአንድ ወቅት ስላችሁ እንስሳት ይናገሩ በነበረበት ዘመን እንዳይመስላችሁ። ኮንዶሚኒየም ከተሠራ ወዲህ ነው። ሰዎቹም እዚሁ እኛ ብሎክ አራተኛ ፎቅ ላይ የነበሩ ናቸው። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ስለሆንኩ የሚወጣውም የሚወርደውም በእኔ በር ነው የሚያልፈው፤ ስለዚህ «ከየት ሰማሽው?» የሚል ካለ ከወዲሁ ይተወኝ። ጨርሼ እስክጠይቃችሁ ድረስም አታቋርጡኝ። መጨረሻ ላይ እንደ ልባችሁ ትጨቃጨቃላችሁ።

እትዬ አመለወርቅ የሚባሉ እናት ነበሩ። ባላቸው አቶ ዘለቀ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው፤ ትልቁ እንዳሻው፣ መካከለኛዋ ፀዳለ፣ የመጨረሻው ምንተስኖት። እትዬ አመለወርቅ ከመጨረሻው ልጃቸው ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። መኖር ከተባለ ነው እንግዲህ። ሻወር ቤት ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ደረጃ አልወረዱም። ሊፍት የሚባል ነገር የለን። ለቅሶ አይደርሱ፣ ቤተ ክርስቲያን አይሳለሙ፣ ሰው ታመመ ሲባል አይጠይቁ። በመስኮት የሚያዩት የፊት ለፊቱን ብሎክ የልብስ ማስጫ ብቻ ነው። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ብወጣ «የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ አዲስ አንሶላ ገዛች» አሉኝ። ሴትዮዋን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም፤ የሚያውቋት በአንሶላዋ ነው። አንጀቴን በሉት።

ልጆቹ ክፉ አይደሉም፣ ይሄን ያዙልኝ። ሦስቱም «እማዬ እኔ ጋ ትሁን» እያሉ ዓመት ሙሉ ተነታርከዋል። እሳቸው ግን አንዱን ብመርጥ ሁለቱ ይከፋቸዋል እያሉ ሳይመርጡ ቀሩ። እንዲህ ለሦስት ልጅ ሲጨነቁ እዚያው ላይ ተቆልፎባቸው ቀረ።

ታዲያ በምን ይጽናኑ ነበር? በዴክ። አዎ፣ ያ ድሮ የቪዲዮ ካሴት የምናይበት ጥቁር ዕቃ። ከኋላው ካበጠው አሮጌ ቴሌቪዥን ጋር ብፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። ካሴቱም አንድ ብቻ ነው፤ የእንዳሻው ሠርግ።

በዚያ ካሴት ውስጥ አቶ ዘለቀ የሚታዩት ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሰውየው ከዚያ በፊት ፎቶ እንጂ ቪዲዮ ተነስተው አያውቁም። ካሜራው ሲዞርባቸው ፎቶ መሰላቸውና ኮታቸውን ቆልፈው፣ እጃቸውን ግራና ቀኝ ለጥፈው፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ ቀጥ አሉ። ቪዲዮ ቀራጩ እንዲንቀሳቀሱ ይጠብቃል፣ እሳቸው ብልጭ እንዲል ይጠብቃሉ። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለተኛውም አለፈ። በመጨረሻ አንድ ሰው «ጋሽ ዘለቀ፣ ቪዲዮ እኮ ነው! ይንቀሳቀሱ እንጂ!» ብሎ ጮኸ። ይሄኔ አፋቸውን በእጃቸው ከድነው በሳቅ ፍርስ አሉ። «አመለ! ነይ እስቲ፣ ቪዲዮ ነው አሉኝ እኮ!» ብለው ሚስታቸውን ተጣሩ። በቃ፣ ይሄው ነው። ግን ቤት ውስጥ ባለው ፎቶ ሁሉ አቶ ዘለቀ ኮስተር እንዳሉ ናቸው፤ ሲስቁ ያሉት እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው። እትዬ አመለወርቅ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ያንን ሳቅ ያያሉ።

አንድ ማክሰኞ ዴኩ ካሴቱን እንደጎረሰ ቀጥ አለ። አይተፋ፣ አያዞር። እትዬ አመለወርቅ በመዳፋቸው እየደበደቡት «ዘለቀ! ኧረ ዘለቀ!» ሲሉ ድምፃቸው እኔ ቤት ድረስ ወረደ። ሌባ የገባ መስሎኝ ሮጬ ወጣሁ። ዴኩን አቅፈው ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል።

እሑድ ልጆቹ ተሰበሰቡ። እንዳሻው «ይጠገናል» አለ።

ፀዳለ ሳቀች። «ምኑ ነው የሚጠገነው ጋሼ? የዚህን ዕቃ ዘመዶች እኮ ቆራሌው ወስዶ ጨርሷቸዋል። ይቀየር!»

«በምን? ዴክ የሚሸጥ ሰው አሳዪኝ።»

ምንተስኖት መስኮቱ ጋ ቆሟል። እናትየው ሦስቱን አዩና የልባቸውን ተናገሩ።

«ስሙኝ። ሞት እንደሆነ አይቀርልኝም። ብቻ ያንን ሰው አንድ ጊዜ ሲስቅ አይቼ ልሙት። እሱን ያሳየኝ ልጅ እሱ ይውሰደኝ፤ የቀረችኝን ዕድሜ ከሱ ጋር እኖራለሁ። ሌሎቻችሁ ቅር አይበላችሁ። እኔ አልመረጥኩም፣ ሥራችሁ ነው የሚመርጠው።»

እንዲህ ብለው ማሉ። ማኅላ እንደ ቀልድ የሚያዩ ሴት አይደሉም።

እንግዲህ ትልቁን ልንገራችሁ። እንዳሻው በዚህ ካሴት ላይ የቆየ በደል አለበት። ያ ትዳር ሦስት ዓመት ቆይቶ ፈረሰ። በኋላ አገር ምድሩ የሠርግ ካሴቱን ወደ ሲዲ ሲያስገለብጥ አባቱ ራሳቸው «ይሄንንም እናስገልብጠው» ቢሉት እምቢኝ አለ። «የእኔን ውርደት ማባዛት ምን ያደርግላችኋል?» ብሎ አፋቸውን አስያዛቸው። ያኔ እሺ ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር።

እንዳሻው ዴኩን ተሸክሞ እኛ ብሎክ ምድር ቤት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ወደሚጠግኑት ወደ ጋሽ ሽመክት ወሰደው። ጋሽ ሽመክት ፈቱት፣ አዩት፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «የካሴቱ ክር አልተበጠሰም፣ ግን ተበልቷል። የማሽኑ ጎማ ቀልጧል፣ ማንበቢያውም ሞቷል። መለዋወጫ ብትል ድሮ ቀርቷል። የዚህኑ ቢጤ ዴክ ካመጣህልኝ ከሱ ፈትቼ እሞክራለሁ» አሉት።

የዚያ ቢጤ የት እንዳለ እንዳሻው ያውቃል። አንጀቱን ያቃጠለውም ይኸው ማወቁ ነው። ለሠርጉ ሁለት ዘመዶች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ዴክ ይዘው መጥተው ነበር፤ ሲፋቱ አንዱን እሱ ወሰደ፣ አንዱን ሚስቱ። ከዚያ ወዲህ ለአሥራ አምስት ዓመት መንገድ ላይ ሲተያዩ እንኳ አንዳቸው ይሻገራሉ። ሄዶ በሯን አንኳኳ። የከፈተለት አዲሱ ባሏ ነው።

እሷ ከጓዳ ወጣች። «ምን ፈልገህ ነው?»

«ዴኩን።»

«በአሥራ አምስት ዓመትህ ለዴክ መጣህ?»

«አባዬ እዚያ ውስጥ ቀርቷል» አላት። ሌላ ማስረዳት አልቻለም።

ሴትየዋ ወደ ውስጥ ገባች። ቆየት ብላ ዴኩን አቧራውን ጠርጋ ይዛ መጣች። «እትዬን ሳምልኝ» አለችው። እንዳሻው ከአጥሩ ውጪ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ይሄን ሌላ ሰው አይደለም የነገረኝ፣ ራሱ ነው። ጋሽ ሽመክትም ሁለቱን ዴክ ፈትተው፣ ከዚያ ከዚህ ቀጣጥለው አንዱን አስነሱ።

ወደ ፀዳለ ልምጣ። የእሷ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። ድሮ ቪዲዮ ቤቶቹ የሠርግ ካሴት ሲሰጡ ሌላ ነገር እንዳይቀረጽበት ጀርባው ላይ ያለችውን የፕላስቲክ ጥርስ ሰብረው ነበር የሚሰጡት። ፀዳለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች የተሰበረውን ቀዳዳ በፕላስተር ደፈነችና የበዓል ዝግጅት ቀረጸችበት። ባዶ ካሴት አጥታ ነው። አባቷ ሙሽሮቹን ሲመርቁ፣ እስክስታ ሲመቱ፣ አማቾቻቸውን ሲያጎርሱ የነበረው ሁሉ ጠፍቶ የተረፈው ያ ሦስት ደቂቃ ነው። ከፊቱ ዘፋኝ ይዘላል፣ ከኋላው ኮሜዲያን ይቀልዳል፣ መሐል ላይ አቶ ዘለቀ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ያኔ ማንም አልተቆጣትም። አቶ ዘለቀ በሞቱ ቀን ግን ለቀስተኛ ፊት ደረቷን እየመታች «አባቴን ያጠፋሁት እኔ ነኝ!» ስትል ሰው ሁሉ ያበደች መስሎት ነበር። እኔ ገብቶኛል።

ፀዳለ የምትኖረው በአማቷ ቤት ነው። እዚያ ሳሎን ግድግዳው ላይ ይሄን የሚያህል ፍላት ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ አማትየዋ ከጥዋት እስከ ማታ ሪሞቱን ከእጃቸው አይለቁም። አንድ ጠዋት እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ፀዳለ ብሎኑን ፈትታ፣ ከግድግዳ ነቅላ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ አራተኛ ፎቅ አወጣችው። ያበጠውን አሮጌ ቴሌቪዥን ራሷ ተሸክማ ቆሻሻ ገንዳው አጠገብ አስቀመጠችው። «ፀዱ፣ ምን ነካሽ?» ብላት «ይበቃል! እማዬ ከእንግዲህ በአሮጌ ዕቃ አትታሰርም» አለችኝ። በዚያም አላበቃችም። የቪዲዮ ባለሙያ ከነኮምፒውተሩ ይዛ ጋሽ ሽመክት ሱቅ ገባች። «ካሴቱ እየዞረ ፍላሽ ላይ ይገልበጥ፤ ከዚያ እስከ ዕድሜ ልኳ ታየዋለች።»

ጋሽ ሽመክት ሁለቱን ልጆች አስቀምጠው እውነቱን ነገሯቸው። «አንድ ጊዜ ይዞራል። ሁለተኛውን አልምልላችሁም፣ ክሩ አልቋል። እሱንም የማዞረው እኔው ነኝ፣ ጎማውን በጣቴ ደግፌ። ዴኩ ከዚህ ጠረጴዛ ንቅንቅ ካለ አለቀለት፤ ፎቅ ላወጣው ካላችሁ አስቀድማችሁ ተሰናበቱት።»

«እንግዲያው አሁኑኑ እናስገልብጠው» አለች ፀዳለ።

«ባይሳካስ?» አለ እንዳሻው። «ያቺ አንድ ዙር እማዬ ሳታያት ከሄደች ምን ልትዪያት ነው?»

«ቢሳካስ?»

«ባይሳካስ አልኩሽ እኮ!»

ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱም አይላወሱም። ካሴቱ እዚህ ምድር ቤት፣ እናትየዋ እዚያ አራተኛ ፎቅ። አንዱ መውጣት አይችል፣ አንዷ መውረድ አትችል። ከጠዋት እስከ ቀትር ሲፋጠጡ ዋሉ። እኔም ዳር ቆሜ ሳይ ቆይቼ ሲታክተኝ ወደ ቤቴ ወጣሁ።

አሁን ምንተስኖት። የእሱ ጥፋት ደግሞ ቤቱ ራሱ ነው። ዕጣው አራተኛ ፎቅ ሲደርሳቸው ምድር ቤት የደረሰው አንድ ጎረምሳ «እናትህ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ብንቀያየርስ?» ብሎ በራሱ አንደበት ጠይቆት ነበር። ምንተስኖት «ታች አቧራና ጫጫታ ነው» ብሎ መለሰው። ያኔ እናቱ ዳሌያቸው ደህና ነበር። ጎረምሳው ዛሬም ምድር ቤት ነው ያለው፤ ምንተስኖት በበሩ ሲያልፍ አንገቱን ይደፋል።

ላይ ሆኖ የእህትና የወንድሙን ጭቅጭቅ ሰማ። ምንተስኖት እንግዲህ ዲስክ አለብህ ተብሎ ባልዲ ውሃ እንኳ እንዳያነሳ ሐኪም የከለከለው ሰው ነው። «እማዬ፣ ነይ ልዘልሽ» አለና ጎንበስ አለ። እናቱን በራሳቸው ነጠላ እንደ ሕፃን አዝሎ ወጣ። ቁም ቢሉት አይሰማም። እኔ በር ላይ ሲደርስ ወንበር አወጣሁለት፤ አልተቀመጠም፣ ግድግዳ ብቻ ተደገፈ።

«ከበድኩህ አይደል የኔ ልጅ?»

«ኧረ ምንም አልከበድሽም።»

ውሸታም! ላቡ እንደ ቧንቧ ነው የሚወርደው። እትዬ አመለወርቅ ግን ሁለት ዓመት ያላዩትን ደረጃ በልጃቸው ትከሻ ላይ ሆነው እያዩ «ይሄ ግድግዳ ቀለም ተቀባ እንዴ?» ይሉኛል። ሳቅሁም አለቀስኩም።

ጋሽ ሽመክት ሱቅ ስንደርስ ሁሉም መንገድ ለቀቀልን። እትዬ አመለወርቅን ከፊት አስቀመጥናቸው። እሳቸው እያዩ እንዲገለበጥ ባለሙያው ዴኩን ከጋሽ ሽመክት አሮጌ ቴሌቪዥንም ከኮምፒውተሩም ጋር በገመድ አገናኘው። ጋሽ ሽመክት ጣታቸውን ማሽኑ ውስጥ ከትተው «በስመ አብ» አሉና አስነሱት። መጀመሪያ ዘፋኙ ዘለለ። ከዚያ ተንዠቀዠቀ፣ ነጭ መስመር ወረደበት፣ ነፍሳችን ልትወጣ ደረሰች። ከዚያ አቶ ዘለቀ መጡ። ኮታቸውን ቆልፈው፣ ቀጥ ብለው፣ እያዩን። እኛም ቀጥ ብለን አየናቸው። ያ ሁለት ደቂቃ አላልቅ አለ። «ቪዲዮ እኮ ነው!» የሚለው ድምፅ ሲመጣ ሰውየው ፍርስ አሉ። «አመለ! ነይ እስቲ!»

«አቤት ዘልዬ! መጣሁ!» አሉ እትዬ አመለወርቅ፣ ሊነሱ ቃጥተው።

ከዚያ ቅርጭ አለና ጠፋ። ጋሽ ሽመክት የተቆራረጠውን ክር በመዳፋቸው ይዘው አወጡት። ካሴቱ ሄዷል፣ ከእንግዲህ የለም።

«ድገሙልኝ» አሉ እትዬ አመለወርቅ። «በሞቴ አንድ ጊዜ ድገሙልኝ።»

እንዳሻው መሬት መሬት አየ። ምንተስኖት ወገቡን ይዞ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ፀዳለ ግን ለባለሙያው ምልክት ሰጠችው። ኮምፒውተሩ ላይ አቶ ዘለቀ ተመልሰው መጡ፤ ትንሽ ጎናቸው ሰፋ ብሏል እንጂ እሳቸው ናቸው። እትዬ አመለወርቅ ደግመው አዩ፣ ሠለሱ። «ወፈር አላለም?» ብለው ሳቁ፤ ጥርሳቸውን ካየሁ ስንት ጊዜዬ!

ደስታው ምን ያህል ቆየ መሰላችሁ? አፍታ አልቆየም። ማኅላው ትዝ ሲላቸው ሦስቱም ተያዩ።

«እማዬን ያሳየኋት እኔ ነኝ» አለ እንዳሻው። «ካሴቱን ያዞረው ማነው? ያ ዴክ ባይነሳ ማን ምን ይገለብጥ ነበር? ለሱ ስል የማልረግጠውን ደጅ ረግጫለሁ።»

«አንተ ያሳየሃት አንዴ ነው» አለች ፀዳለ። «ድገሙልኝ ስትል ማን ደገመላት? ነገስ፣ ከነገ ወዲያስ ማን ያሳያታል?»

ምንተስኖት ከወለሉ ሳይነሳ ነው የተናገረው። «እናንተ ካሴት ነው ያዳናችሁት። እሷን እዚህ ያመጣት ማነው? ባላመጣት ያቺን ዙር እናንተው አይታችሁ ልትነግሯት ነበር።»

እናትየው ሦስቱንም አዩ። «ምያለሁ» አሉ። «የረታው ይውሰደኝ። ብቻ ውጪ አታሳድሩኝ።»

ባጃጅ ተጠራ። እትዬ አመለወርቅን ደግፈን ከኋላ አስገባናቸው። አሁን አእምሯችሁን ሰብስቡልኝ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚከብደው።

እንዳሻው የተከራየው ክፍል መሬት ላይ ነው፤ ግን አንዲት ክፍል ናት። ጎህ ሲቀድ ፋብሪካ ይገባል፣ ሲመሽ ይመለሳል። ሌባ ያስቸገረ ሰፈር ስለሆነ በሩን ከውጪ ቆልፎ ነው የሚሄደው።

የፀዳለም ቤት መሬት ላይ ነው፣ ግቢውም ሰፊ ነው፣ ፀሐይ አለው፣ ሰውም አይጠፋበትም። ግን ባዶው ግድግዳ ሥር አማትየዋ ተቀምጠዋል። «ቴሌቪዥኔን የነቀለች ደግሞ እናቷን ልታስገባብኝ? በሬሳዬ ላይ!» ብለዋል አሉ። እትዬ አመለወርቅ እዚያ ቢገቡ ውሃ ለመጠጣት የሰው ፊት ማየት አለባቸው።

ምንተስኖት ደግሞ ያው አራተኛ ፎቅ ነው። እሱ ከረታ እትዬ አመለወርቅ ወደ አንሶላው መመለሳቸው ነው። «በየቀኑ አዝዬ አወርዳታለሁ» ብሎ ይምላል። ይህን ሲል ግን ራሱ መቆም አቅቶት የባጃጁን በር ተደግፏል።

እትዬ አመለወርቅ አንዴ ልጆቻቸውን፣ አንዴ መንገዱን ያያሉ። ንፋሱ ነጠላቸውን ሲያነሳው ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ሰጡት። ባለባጃጁ ዞር ብሎ «እማማ፣ ወዴት ልንዳ?» አላቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ» አሉት። «ልጆቼን ጠይቃቸው።»

የሆነውን ከእኔ አትጠብቁ፤ ብነግራችሁ መፍረድ ትታችሁ ሐሜት ትጀምራላችሁ። እኔም ከሦስቱ ጋር ሰላም ነኝ፣ ሰላሜን አላበላሽም። አንዱ የዴኩን መነሳት፣ አንዷ መደጋገሙን፣ አንዱ መውረዱን ሰጥቷል። ማኅላው ደግሞ ከአንድ ልጅ በላይ አያስኬድም። ሞተሩ አልጠፋም፣ ሰውየው ይጠብቃል። እስቲ ተናገሩ፤ እናትየው የሚገቡት ለማን ነው? ባለባጃጁስ ወዴት ይንዳ?